ከአዳራሹ በፊት ደብሩ፤ ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን በአጥቢያ ለማስፈጸም

ሰርግ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚያዘው አዳራሽ ነው። ቀጥሎ ዲኮሩና ቪዲዮው ይመጣል፤ ካህኑ የሚጠየቁት የጥሪ ካርዱ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ክርስትናም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ከውጭ የሚመጣው አጎት ትኬት ከቆረጠ በኋላ “ለእሑድ ልጁን እናመጣለን” ተብሎ ለደብሩ ይነገራል። ቀብር ላይ ደግሞ ሁሉ ነገር በአንድ ጀንበር ስለሚያልቅ፣ አንዳንድ ቤተሰብ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አስከሬን ቤት አስተኝቶ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ አጥቢያው፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ ድግሱ። ምክንያቱ አክብሮት ብቻ አይደለም፤ የሥርዓቱ አሠራር ራሱ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትም ሆነ ተክሊል በቅዱስ ቁርባን የሚፈጸሙ ናቸው። ቁርባን ያለ ቅዳሴ የለም። የቅዳሴውን ቀንና ሰዓት የሚወስነው ደግሞ የጾምና የበዓል አቆጣጠር እንጂ የአዳራሹ ባለቤት ወይም አየር መንገዱ አይደለም። ከማይንቀሳቀሰው ተነሥተው የሚንቀሳቀሰውን ካደራጁ ብዙው ጭንቀት ሳይፈጠር ይቀራል።

ስለዚህ ድግስ ከመታሰቡ ከብዙ ጊዜ በፊት ሁለት ነገር ያስተካክሉ። አንደኛው የንስሐ አባት ነው። ከሌለዎት ከቅዳሴ በኋላ ከአጥቢያው ካህናት አንዱን ቀርበው፣ መስቀል ተሳልመው፣ “አባ፣ የንስሐ አባት የለኝም” ማለት ይበቃል። ሁለተኛው የሰበካ ጉባኤ አባልነት ነው። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ የተደራጀ የአጥቢያው ካህናትና ምእመናን ጉባኤ ነው፤ ቤተሰብዎን አስመዝግበው የአባልነት መዋጮዎን እየከፈሉ ካርድዎን ይይዛሉ። የሁለቱን ሥራ አያምታቱ። የንስሐ አባትዎ የሚያዩት የነፍስን ጉዳይ ነው፤ ለመቁረብ ብቁ መሆንዎን፣ ጋብቻው የሚከለከልበት ምክንያት መኖር አለመኖሩን፣ ቀኖናዎን። ቀን መያዝ፣ ማስረጃ መቀበል፣ ደረሰኝ መቁረጥና የቀብር ቦታ መስጠት የጽሕፈት ቤቱ ነው። በዚህ በኩል የሚደርሰው ጣጣ ብዙ ነው፤ የሚያውቋቸው ካህን በመንገድ ላይ “ችግር የለም፣ አምጡት” ስላሉ ቀኑ ተያዘ ብሎ የሚሄድ ሰው አለ። ካህኑ ፈቀዱ ማለት መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት አይደለም፤ በዚያው ቀን ሌሎች ሙሽሮች ተመዝግበው ሊሆን ይችላል።

“የእግዚአብሔር ቤት ካርድና ደብዳቤ ይጠይቃል ወይ?” የሚል ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። ቅሬታው የሚገባ ይመስላል፤ ወረቀቱ የሚጠብቀውን ነገር ሲያዩት ግን ይቀላል። ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም፤ ስለዚህ ማን መጠመቁን የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። በቁርባን የታሰረ ጋብቻ አይፈታም፤ ስለዚህ ከሙሽሮቹ አንዱም ሌላ ትዳር እንደሌለው መረጋገጥ አለበት፣ አለዚያ በደል የሚደርሰው በሌላ ቤት ባለች ሴትና በልጆቿ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደግሞ ጠባብ ነው፤ ለዓመታት አጥሩን ሲያሠሩ፣ ጣሪያውን ሲያስጠግኑ የኖሩ ምእመናን ቅድሚያ ቢሰጣቸው አድልዎ አይባልም። እርግጥ ወረቀቱን ማጉላሊያ የሚያደርግ ጸሐፊ አይጠፋም። ያን ጊዜ ጉዳዩን ለአስተዳዳሪው ወይም ለሰበካ ጉባኤው ማቅረብ መብትዎ ነው፤ ይህንንም ማድረግ የሚቀለው ቀድሞ ለሚያውቁት ሰው ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ሰርግ በጾም አይደረግም። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያት፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ በየዓመቱ ቦታቸው አንድ ነው። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 መፈታቱ ቢታወቅም መግቢያው ከጰራቅሊጦስ ማግስት ስለሆነ ይንቀሳቀሳል። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ዐቢይ ጾም ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ለሙሽሮች የተረፉት እሑዶች አራት ብቻ ነበሩ፤ ጥር 17፣ ጥር 24፣ የካቲት 1 እና የካቲት 8። በ2019 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ በዚሁ ወቅት እሑዶቹ ሰባት ይሆናሉ። “አምና ወንድሜ በዚህ ሰሞን ነው ያገባው” ብሎ ቀን መቁረጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው። በባሕረ ሐሳብ የተሰላ የዓመቱን የአጽዋማትና የበዓላት ሰንጠረዥ ከደብሩ ይጠይቁ፤ ወይም በዘመን መለወጫ ሰሞን የሚሸጠውን የግድግዳ አቆጣጠር ይግዙ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት እሑዶችን በምርጫ ቅደም ተከተል ጽፈው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ። አንድ ቀን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ለልመና ነው የሚሄደው፤ ሦስት ይዞ የሚሄድ ግን ይነጋገራል።

ክርስትና በቀን አቆጣጠር ከሰርግ ይልቅ ጥብቅ፣ በዝግጅት ግን ቀላል ነው። ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ የዚህ መነሻ በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ የሚለው ነው፤ የኦሪት ዘሌዋውያን የወላድ ሥርዓትም አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው የልደቱን ዕለት አንድ ብሎ ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጉ የቤተ ክርስቲያንን አቆጣጠር ይመልከቱ፤ ጌታ ታኅሣሥ 29 ተወልዶ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል የካቲት 8 ይውላል፣ ልደቱን ጨምረው ቢቆጥሩ በትክክል 40 ይመጣል። በዚህ ስሌት መስከረም 1 የተወለደ ወንድ ጥቅምት 10፣ ሴት ብትሆን ኅዳር 20 ትጠመቃለች። ሕፃኑ ከታመመና ለሕይወቱ ከተሰጋ ቀኑ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ካህን ይጠራል። 40ኛው ቀን በሰሙነ ሕማማት ከዋለ ደግሞ ወደ ትንሣኤ ማግስት ይሻገራል፣ በዚያ ሳምንት ክርስትና አይነሣምና። በ2019 ዓ.ም. ለምሳሌ ከመጋቢት 9 እስከ መጋቢት 14 የሚወለዱ ወንዶች 40ኛ ቀናቸው ሕማማት ላይ ያርፋል። በሌሎቹ ጾሞች ማጥመቅ አይከለከልም፤ ነገር ግን በጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ሰዓቱን ጠይቀው ነው እንግዳ የሚጠራው። በየዕለቱ የማይቀደስበት አጥቢያ ከሆነ በአቅራቢያው ያለውን እሑድ ወይም ወርኃዊ በዓል ካህኑ ይነግሩዎታል። ሕፃኑ ዕለቱኑ ስለሚቆርብ ጡት ስንት ሰዓት ላይ መተው እንዳለበት እናቲቱ ቀድማ ትጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚታወሰው ልጁ ጠግቦ ከመጣ በኋላ ነው።

በክርስትና ላይ ትልቁ ውሳኔ ኬኩ ሳይሆን ክርስትና የሚያነሣው ሰው ነው። ለወንድ ልጅ የክርስትና አባት፣ ለሴት ልጅ የክርስትና እናት ይቆማል፤ ተጠምቆ በሃይማኖቱ የጸና ኦርቶዶክሳዊ መሆን አለበት። ዛሬ ዛሬ አበልጅነት የማኅበራዊ ክብር ስጦታ ሆኖ ለአለቃ ወይም ለባለጸጋ ጓደኛ ይሰጣል። “ሰውየው ልጁን ነገ ይረዳዋል” የሚለው ክርክር ከንቱ አይደለም፤ ግን ሥርዓቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ክርስትና አንሺው በሕፃኑ አንደበት ሆኖ የሚክድና የሚያምን፣ ወላጅ ቢሞት ሃይማኖቱን የማስተማር ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ደግሞም አበልጅነት መንፈሳዊ ዝምድና ስለሚፈጥር በጋብቻ ላይ ክልከላ ያመጣል፤ ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ጣጣ መሆኑን ሳያስቡ አይምረጡ። ሰውየውን ከመረጡ በኋላ ከንስሐ አባትዎ ጋር ያገናኙት። ለዕለቱ ነጭ ልብስ፣ ፎጣ፣ ጧፍና የማተብ ክር ይያዙ። የክርስትና ስሙን በቃል ሰምተው አይሂዱ፤ በማስረጃው ላይ በትክክል መጻፉን አይተው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይቀበሉ። የልደት ምዝገባ ከዚህ የተለየ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ለዚህ 90 ቀን ሰጥቷል። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ስለሚውል ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ሰሞን መጨረስ ይመቻል።

ወደ ጋብቻ ስንመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛው ሥርዓት እንደሚፈጸም ነው። ተክሊል በድንግልና ለቆዩ የሚደርስ ጸሎት ነው፤ የትዳር ጓደኛቸው ለሞተባቸው ወይም ከዚህ በፊት አብረው ለኖሩ ሥርዓቱ ንስሐ፣ ጸሎትና ቁርባን ነው። ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር በምስጢር ይጨርሱት፤ ለሽማግሌ፣ ለሚዜ ወይም ለቪዲዮ ቀራጭ የሚነገር አይደለም። አክሊል ያለው ቪዲዮ ስላማረ ብቻ እውነቱን ደብቆ ተክሊል መጠየቅ፣ ጋብቻን በውሸት መጀመር ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ወረቀቶች ከአጥቢያ አጥቢያ ትንሽ ቢለያዩም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት የክርስትና ማስረጃ፣ የየአጥቢያው የአባልነት ደብዳቤ፣ ከወረዳ የሚወጣ ያላገባ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና ምስክሮች ናቸው፤ የጤና ምርመራ ወይም የቅድመ ጋብቻ ትምህርት የሚጠይቁም አሉ። ዝምድናም ይጣራል፤ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች፣ ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱ ቤት አረጋውያን ተቀምጠው ይቁጠሩ። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ ማለት ዘበት ነው። ከሠርጉ ስድስት ወር ቀድሞ የጀመረ ሰው ግን በእርጋታ ይጨርሳል።

በዕለቱ ጉዳይ ላይ የቤተ ክርስቲያኑና የአዳራሹ ሰዓት የሚጋጩባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል፤ ሙሽሮቹ እሑድ ጠዋት የሚቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምንም አይቀምሱም ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞች ጋር መዝናናት ታስቦ ከሆነ ሌላ ቀን ይፈልጉለት። ሙሽሪት ደግሞ በሌሊት ቅዳሴ ለመድረስ የፀጉር ሠሪዋን ሰዓት እንደገና ማስላት አለባት። ከቅዳሴ ሲወጡ መጀመሪያ የሚበላ ነገር ይቅረብላቸው፤ መናፈሻ ወስዶ ሦስት ሰዓት ፎቶ ማስነሣት በባዶ ሆድ ላይ ግፍ ነው። የቆረበ ሰው ዕለቱን በጥንቃቄ ስለሚውል፣ ጭፈራው በዚያው ቀን ይሁን ወይስ ለመልስ ይዛወር የሚለውንም ካህኑን ጠይቀው ከአዳራሹ ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ይወስኑ። ካባውና አክሊሉ ከደብሩ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን እንዲያጅቡ ከፈለጉ ለእነርሱም ቀድመው ይንገሩ። ካሜራ የት ድረስ እንደሚገባ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቀው ለባለሙያው ያስታውቁት። ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ማስረጃውን ይዘው ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይሂዱ፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ያየዋል። መመዝገቡ ግን ግዴታ ነው፤ የአዋጅ 760 ጊዜው 30 ቀን ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። “ቁርባን ለወጣት ከባድ ነው፤ አሁን በማዘጋጃ ቤት ተጋብተን ስንረጋጋ እንቆርባለን” ይባላል። በፍርሃቱ ውስጥ ቅንነት አለ፤ የማይፈታ ቃል ኪዳንን ቀለል አድርጎ ከመግባት መፍራቱ ይሻላል። ነገር ግን ይህ ክርክር ቁርባንን የጡረታ ዘመን ጉዳይ ያደርገዋል፤ ትዳር ድጋፍ የሚፈልገው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በተጨማሪም ለ18 ዓመት ሰው የሚፈቀደውን የሕግ ጋብቻ ለመፈረም የደረሰ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት ለዚያው ሰው ቃል ለመግባት አልደረስኩም ሲል ጥርጣሬው በቁርባኑ ላይ ነው ወይስ በሰውየው ላይ? ይህን ጥያቄ ከሠርጉ በፊት ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይጠቅማል። በማዘጋጃ ቤት የተጋቡ ደግሞ በሩ አልተዘጋባቸውም፤ በንስሐ ተዘጋጅተው በማንኛውም ጊዜ ጋብቻቸውን በቁርባን ማጽናት ይችላሉ። ድግስም አያስፈልገውም።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር። ምሥጢር አይሸጥም፤ ለአገልግሎት፣ ለአዳራሽ፣ ለካባና ለመሳሰሉት ደብሩ የወሰነው ክፍያ ግን ይኖራል። ዋጋውን በጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ፣ በሕጋዊ ደረሰኝ ይክፈሉ። ለካህናትና ለዲያቆናት በፈቃድ የሚሰጡት ስጦታ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ለአንድ ሰው በእጅ መስጠት ነው በኋላ ሐሜት የሚያመጣው።

ቀብር ላይ ቀን መምረጥ የለም፤ ለዚህ ነው ዝግጅቱ ሁሉ ቀድሞ መሆን ያለበት። “በቁም ስለ ቀብር ማውራት ሟርት ነው” የሚሉ ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ግን ራሷ በቁም ታስባለች፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሣዕና ዕለት በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድማ ትፈታለች። ምእመናን ቆመው እየሰሙ ጸሎተ ፍትሐት ከተደረሰላቸው፣ አንድ ቤተሰብ የአባቱን የክርስትና ስም በወረቀት ቢጽፍ ምን ሟርት አለው? በካህኑ አንደበት የሚጠራው የክርስትና ስም ብቻ ነውና፣ “አባባ የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?” እየተባባሉ በለቅሶ መሐል አክስት ዘንድ ስልክ የሚደወልበት ቤት ጥቂት አይደለም። የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባታቸውን ስልክ፣ የሰበካ ጉባኤና የዕድር ካርዳቸውን በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። በዕድሜ የገፉ እናት ቆብ ደፍተው መንኩሰው ከሆነ፣ ወይም አባት በልጅነታቸው ክህነት ተቀብለው ከሆነ ይጻፍ፤ መጽሐፈ ግንዘት ለካህን፣ ለመነኩሴ፣ ለሕዝባዊና ለሕፃን የተለያየ ሥርዓት አለው። በጽኑ የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ካህኑን ከሞት በኋላ ሳይሆን አሁን ይጥሩ፤ ንስሐ፣ ቁርባንና ቀንዲል የሕያዋን ናቸው።

ሞት ከደረሰ መጀመሪያ ለንስሐ አባቱና ለዕድሩ ዳኛ በአንድ ጊዜ ይነገራል። ዕድሩ ድንኳኑን፣ ጥሪውንና ሸክሙን ይወስዳል፤ ከቤተሰቡ ጠንከር ያለ አንድ ሰው ብቻ ተመርጦ ወደ ደብሩ ይሂድ፣ አምስት ሰው ሲሄድ አምስት የተለያየ ሰዓት ይነገራል። ይህ ሰው የሆስፒታል የሞት ማስረጃ፣ የዕድር ደብዳቤና የአባልነት ካርድ ይይዛል። ሞቱ በአደጋ ወይም ባልታወቀ ምክንያት ከሆነ ፖሊስና የአስከሬን ምርመራ ስለሚቀድሙ የቀብር ሰዓት አስቀድሞ አይነገር። በጽሕፈት ቤቱ የሚወሰኑት የፍትሐቱ ሰዓትና የመቃብሩ ቦታ ናቸው። በአዲስ አበባ በብዙ አጥቢያዎች ቅጥሩ ስለጠበበ ፉካ ይሰጣል፤ ሲቀበሉ ለስንት ዓመት እንደሆነና ጊዜው ሲያልቅ ዐፅሙ ወዴት እንደሚዛወር ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። ለእብነ በረድ ሐውልት ከመዋዋልዎ በፊትም ፈቃዱን ይጠይቁ። ከቀብር በኋላ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ለጸሎት የተለዩ ናቸው። ጸሎቱንና ድግሱን ይለዩ፤ ፍትሐቱና ቅዳሴው ሟቹን የሚመለከት ነው፣ ሰንጋው ግን የግድ አይደለም። “ሰው ምን ይላል?” ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ ተበድሮ ተዝካር ያወጣ ቤተሰብ ዕዳውን የሚከፍለው ከወላጅ አልባ ልጆች ሳህን ላይ ነው። ለነዳያን በአቅም ማብላት ተዝካር ነው።

በውጭ ለሚኖሩ ቅደም ተከተሉ ያው ሆኖ ጥቂት ነገር ይለወጣል። በአሜሪካ ካህኑ ከማጋባታቸው በፊት ሙሽሮቹ ከአካባቢው መንግሥት የጋብቻ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው፤ ቀብር ደግሞ በደብሩ ቅጥር ሳይሆን በሕዝብ መካነ መቃብር ስለሚፈጸም ከቀብር አስፈጻሚ ድርጅቱ ጋር ሰዓት ተስማምቶ ነው ካህኑን የሚጠይቁት። ብዙዎቹ አጥቢያዎች የሚቀድሱት በእሑድና በበዓል ስለሆነ የ40 እና የ80 ቀኑ ስሌት በአቅራቢያው ወዳለው ቅዳሴ ይዛወራል። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ፣ በአገር ቤት ያለው ቤተሰብ የመቃብር ቦታውን የሚይዘው የበረራው ቀን ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ድንኳኑ ሳይነቀል ወይም በሳምንቱ፣ ወደ ደብሩ የተላከው ያው ሰው ተመልሶ ማኅተም ያረፈበትን የቀብር ማስረጃ ይቀበል። በሞት ምዝገባው ላይ እንዲረዳው ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር ያያይዘዋል፤ ለዚህም አዋጁ የሰጠው 30 ቀን ነው፣ አርባው ሳይወጣ ማለት ነው። ወራሽነት፣ ባንክና ጡረታ ከዚያ ቀጥሎ ስለሚመጡ ከዋናው ሌላ ቅጂዎችን አስመስክሮ ያስቀምጥ።